የአባባ ሳልና የእትዬ በላይነሽ ምንጣፍ

ተመረጠልኝ! ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ የአማርኛ መምህራችን ከሰልፉ ለይተው ጠሩኝና «ፀዳለ፣ ድርሰትሽ የግድግዳ ጋዜጣው ላይ ይወጣል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ የተማርነውን ሒሳብ አትጠይቁኝ። በእረፍት ሰዓት እየሮጥኩ ሄድኩ፤ እውነትም ተለጥፏል፤ ስሜ ከነአባቴ ስም፣ ከነክፍሌ። ልጆች ሲያነቡት ከኋላቸው ተደብቄ ቆምኩ። ፊታቸው አይታየኝም፤ የሚታየኝ ማጅራታቸው ብቻ ነው። ለካ ማጅራትም ይስቃል! የምጽፈው ነገር የሰው ማጅራት የሚያንቀሳቅስ ከሆነማ ከእንግዲህ ማን ያስቆመኛል አልኩ።

መምህሬ ደግሞ «ሌላ ጨምሪ፤ አሁን ግን ከቤትሽ ይሁን» ብለውኛል። ከቤታችን ምን ይጻፋል እያልኩ ስገባ፣ ድንገተኛ ካፊያ ጥሎ ኖሮ ግቢ የተሰጣው ምንጣፋችን ጠርዙ ርሷል። የእርጥብ በግ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ደስ የሚል ሽታ አይደለም፤ ግን ሆድ ያባባል። እዚያው በሩ ላይ እንደቆምኩ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ። ያ በጋ ከነጭንቀቱ መጣብኝ። ቦርሳዬን ሳላወርድ ደብተሬን አወጣሁ።

ያኔም የምንኖረው አሁን ባለንበት ቤት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። አባባ ጣቢያው ውስጥ ዕቃ ክፍል ይሠራል። እኔ ገና ድክ ድክ ሳልል ሳንባውን ታሞ ለወራት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር አሉ። ድኖ ወጥቷል፤ ነገር ግን የበሽታው ስም ቤታችን ውስጥ አይጠራም። «ያኛው» ነው የሚባለው። «ያኛው» ከተመለሰ አባባ ከሥራውም ከቤቱም እንደሚሄድ ማንም ሳይነግረኝ አውቄዋለሁ። ስለዚህ አባባን ሲያስለው ቤቱ ቀጥ ይላል። የእማዬ ማማሰያ ድስቱ ውስጥ ይቆማል። ሳሉ አንድ ብቻ ከሆነ ማማሰያው ይቀጥላል። ከተደገመ ግን እማዬ ከማድ ቤት ብቅ ትልና «አቧራ ነው አይደል?» ትላለች። አባባም «አቧራ ነው» ይላል። ናዝሬት አቧራ አታጣም፤ እግዜር ይስጣትና ስንቱን ስጋት ሸፍናልናለች።

በዚያ በጋ መጀመሪያ እትዬ በላይነሽ መጡ። የአባባ ታላቅ እህት ናቸው፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ኑሯቸው ወደ ደብረ ብርሃን፣ ውርጭ ሣር በሚያቃጥልበት አገር ነበር። ባላቸው ሞቱ፤ ልጅ የላቸውም፤ አባባ ሄዶ ይዟቸው መጣ። ከአውቶቡስ ወርደው ቤት እንደገቡ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሲሚንቶውን ረገጡ፣ ቆሙ።

«ተሾመ፣ ይሄ ወለል ነው መቃብር? በዚያ ደረትህ እዚህ ላይ ነው በባዶ እግርህ የምትንጎራደደው?»

«እትዬ፣ ናዝሬት እኮ ነው። እዚህ ሰው ቅዝቃዜ ፍለጋ ሲሚንቶ ላይ ይተኛል።»

«ይተኛ! ሰው የተኛበት ሁሉ አልጋ አይደለም። የበግ ፀጉር ምንጣፍ ያስፈልግሃል።»

በዚህ አለቀ። አባባ መሥሪያ ቤት ዕቃ ሲጠፋ የሚጮህ ሰው ነው ይባላል፤ እትዬ ፊት ግን ጆሮውን እንደተያዘ ልጅ ነው የሚሆነው። እንግዲህ አደራ፣ ምንጣፉ ቤታችን የገባው ለአባባ ደረት ሲባል ነው።

ሊመርጡ ሲሄዱ እኔንም ወሰዱኝ። የሐጂ ቃሲም ሱቅ ገበያው ዳር ነበር፤ ጠባብ፣ ጨለምለም ያለ፣ እስከ ጣሪያው በተጠቀለለ ምንጣፍ የተሞላ።

«አካም ጅርቱ እናቴ! ግቡ፣ ከፀሐዩ ግቡ» አሉ ሐጂ፣ ከበርጩማቸው እየተነሡ።

እማዬ ገና ከበሩ ዓይኗ አንድ ቀይ ምንጣፍ ላይ ቀረ፤ መሐሉ ትልልቅ አበባ ያለበት። ቀይ በዚያን ጊዜ የሚያስመሰግን ቀለም ነበር። «ይሄ ሳሎኑን ያበራዋል» አለች።

«ገልብጡልኝ» አሉ እትዬ።

«እናቴ፣ የሚታየው ፊቱ ነው። ጀርባውን ማን ያየዋል?»

«ፊት አይቶ የዳረ ሲያለቅስ ይኖራል። ገልብጡልኝ።»

ሐጂ ገለበጡት። እትዬ የነጠላቸውን ጫፍ በምራቃቸው አርሰው ቀዩን አሹት። ነጠላው ሮዝ ሆነ። ለእማዬ አሳዩአት። ቀጥለው ከዘርፉ አንዲት ክር መዘዙና «ክብሪት አለዎት?» አሉ።

«እናቴ! ሱቄን ሊያቃጥሉት ነው?»

ክሯ ስትለኮስ እንደ ላስቲክ ሸተተች፤ ቀልጣም ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ሆነች። እትዬ ቀዩን ትተው ከታች የነበረ፣ ያልተነከረ፣ በጉ ራሱ የለበሰውን ቡናማና ግራጫ የያዘ ምንጣፍ አስወጡ። ጀርባውን አዩ፤ አጥፈው ቋጠሮው መጥበቁን አዩ። ከእሱም ክር መዝዘው ሲለኩሱ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፣ ክሯም ተፈርፍራ አመድ ሆነች። እኔ የሰው ፀጉር ያቃጠሉ መስሎኝ ሹሩባዬን በሁለት እጄ ያዝኩ። በመጨረሻ መዳፋቸውን ምንጣፉ ላይ ደጋግመው አሻሹና አሸተቱት።

«ወዙ አለ» አሉ። «ይሄ በግ አልሞተም።»

ሐጂ ላባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «እናቴ፣ ሊገዙ ነው የመጡት ሊመረምሩኝ? ወላሂ የአብዮት ጥበቃ ፍተሻ እንኳን እንዲህ አያገላብጥም!»

ማንም አልሳቀም። ሐጂም የራሳቸውን ቃል ከሰሙት በኋላ ወደ በሩ አዩና ንጹሑን መደርደሪያ በጨርቅ መወልወል ጀመሩ። እማዬ እጄን እስኪያመኝ ጨመቀችው። ሳቅ መሐል ላይ ሊቆረጥ እንደሚችል ያን ቀን ነው ያየሁት። እትዬ ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ «በሉ ይሄኛውን ይጠቅልሉልኝ» አሉ።

እኔ ከዚያ ሁሉ ይዤ የተመለስኩት አንድ ነገር ነው፤ በጉ አልሞተም። ሳሎናችን ውስጥ አንድ ሰፊ በግ ተኝቷል ማለት ነው።

ምንጣፉ ከነሕጉ ነው የገባው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሲጠረግ ፀጉሩ ወደተኛበት እንጂ ሽቅብ አይጠረግም። ነገር ከፈሰሰበት በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ መምጠጥ ነው፤ ያሸ ሰው ወዮለት። ቅዳሜ ቅዳሜ ይወጣና ገመድ ላይ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ተሰጥቶ ጀርባው በዱላ ይመታል፤ ያውም ጥላ ሥር፣ የናዝሬት የቀትር ፀሐይ ቀለም ስለሚበላ። መምታቱ የእኔ ሥራ ሆነ። እማዬ ቅዳሜ ጠዋት የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ናት፤ ወለሉን ደግሞ እትዬ «ለእኔ ተዉት» ብለው ራሳቸው ይይዙታል። እኔ ግቢ ውስጥ ምንጣፉን በመታሁት ቁጥር «ይቅርታ» እለው ነበር። ሁልጊዜም ያስነጥሰኛል፤ በጉ የተቆጣ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በጉ ታመመ። ጠዋት ስነሣ ወለሉ ዳር ዳሩን ጉንጉን ጉንጉን ያለ ፀጉር አገኛለሁ። አዲስ የበግ ፀጉር ምንጣፍ ትርፍ ፀጉሩን እስኪያራግፍ ወራት እንደሚፈጅበት ማን ነግሮኝ! እትዬ «ብል የገባበት ቤት ልብስ አይኖረውም» ሲሉ እሰማለሁ፤ ብልን አይቼው አላውቅም፤ ጥርስ ያለው ነገር ይመስለኛል። እሳቸው እንዳይደነግጡ የረገፈውን እየለቀምኩ ፍራሼ ሥር እሸጉጥ ጀመር።

ስለ ጫማው አንድ ነገር ልጨምር። እማዬ «ይሄን አትጻፊ» ብላኛለች፤ ግን ሰውዬው ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረዋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጽዳት ዘመቻ ሰው ሊቆጥሩ መጡ፤ ሽጉጥ በወገባቸው፣ ቡትስ በእግራቸው። እማዬ «ይግቡ ጓድ፣ ይግቡ፣ እንደነበሩ ይግቡ» እያለች ወደ ኋላ ትሄዳለች። እትዬ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ፣

«የእኔ ልጅ፣ ጫማህን እዚያው ተውና ግባ» አሉ።

አንተ አሏቸው! ጓድ ሊቀመንበርን! አባባ መሬት መሬት አየ። ሊቀመንበሩ ትንሽ ቆሙ፤ ከዚያ አጎንብሰው ክራቸውን መፍታት ጀመሩ፤ እንዴት ያለ ረጅም ክር ነበር! ሲቀመጡ የካልሲያቸው ጫፍ ተቀዶ አውራ ጣታቸው ወጥቷል፤ ሻይ እስኪጠጡ ድረስ በሌላኛው እግራቸው ሊሸፍኑት ሲታገሉ ነበር። ሲወጡ «ቤታችሁ ይሞቃል» ብለው ሄዱ።

«ይሞቃል ማለት ምን ማለት ነው?» አለች እማዬ፤ ያንን ሳምንት ሙሉ አለች። መኪና በደጃችን ባለፈ ቁጥር ሁላችንም ወሬ እናቆማለን። ምንም አልመጣም። ሰውዬው እውነትም ሞቋቸው ነበር።

የመጣው ሌላ ነበር። አባባን ያስለው ጀመር። ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ምንጣፉ ላይ እግሩን ዘርግቶ ትንሽ ሲቆይ ይነሣበታል፤ ደረቅ፣ የማያባራ ሳል። መጀመሪያ እማዬ «አቧራ ነው አይደል?» ትል ነበር። በኋላ መጠየቋን ተወች። ያ ከጥያቄው የበለጠ አስፈራኝ። እትዬ ማር በሎሚ ያጠጡታል፣ በጋቢ ይሸፍኑታል፣ «ከምንጣፉ አትውረድ» ይሉታል።

ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የሚያሽገው ጎረቤታችን፣ ድሬሰሩ ጋሽ ታምራት ተጠራ። በሩ ላይ ጫማህን ሲባል «ቤታችሁ መስጊድ ሆነ እንዴ?» እያለ አወለቀ። ጆሮውን አባባ ደረት ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየ። እኔ በበኩሌ እሱ የሚሰማው ድምፅ እንዳያመልጠኝ ትንፋሼን ያዝኩ።

«የበግ ፀጉር ለዚህ ደረት ጠላት ነው» አለ። «ምንጣፉ ይውጣ። ወጥቶም ካልተሻለው አዲስ አበባ ሄዶ ይታይ።»

አዲስ አበባ ማለት «ያኛው» ማለት ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር ተገለጠልኝ፤ በጉ የሚያራግፈው ፀጉር የት እንደሚገባ። አባባ ደረት ውስጥ! እዚያ ውስጥ ሌላ ምንጣፍ እየበቀለ ነው! ከዚያ ቀን ጀምሮ መሐረቡን ከኪሱ እየሰረቅኩ ፀጉር እፈልግ ነበር።

በማግስቱ እማዬ አባባን ማድ ቤት ወስዳ ታንሾካሽካለች። «ለሐጂ እንመልሰው፤ ይቀበላሉ። እትዬን አንተ ንገራቸው። ደግሞ በርበሬያችን አልቋል፤ የዓመቱ በርበሬ! ደጋ ሰው እንዲህ በርበሬ ይወዳል?» እትዬ ከመጋረጃው ወዲህ ቆመው ይሰማሉ። እኔ እሳቸውን አያለሁ። መጋረጃውን ገለጥ አደረጉና፣

«መንገር አያስፈልግም» አሉ። «ምንጣፉ በሚወጣበት በር እኔም እወጣለሁ። ለደረቱ ብዬ አምጥቼ ደረቱን ካሳመምኩ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«እትዬ፣ ምንጣፍና ሰው አንድ ነው እንዴ?» አለ አባባ። ሊጨምር ሲል ሳሉ ያዘው። ሳሉ በእሱ ፈንታ የመለሰ መሰለ። እትዬ ልብሳቸውን መቋጠር ጀመሩ።

ቅዳሜ ጋሪ መጣ። ምንጣፉን ለሐጂ፣ እትዬን ለአውቶቡስ ጣቢያ። የጋሪው ባለቤት ቶሎሳ የሚባል ሳቂታ ሰው ነበር። እሱና አባባ ከሁለት ወገን ይዘው መጠቅለል እንደጀመሩ ቶሎሳ አነጠሰ። ደገመ። እየተንገዳገዱ አውጥተው ጋሪው ላይ ሲጥሉት፣ እመኑኝ፣ ፈረሱም አነጠሰ! ጭንቅላቱን እያራገፈ፣ ከንፈሩን እያንቀጠቀጠ።

«ኩን ማሊ?» አለ ቶሎሳ። «ይሄ ምንድነው? ፈረሴ በሽታ አያውቅም እኮ!»

እማዬ ወደ ሳሎኑ ተመለሰች። ባዶው ሲሚንቶ ላይ ቀላ ያለ ነገር በስሱ ተነጥፏል። በጣቷ ነካችና ምላሷ ላይ አደረገችው።

«እትዬ…» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። «በርበሬ ነው?»

«አዎ። ምነው?»

«ከምንጣፉ ሥር?»

«ታዲያ ብል በምን ይባረራል? በውዳሴ ማርያም?»

ነገሩ ይሄ ነበር። በእሳቸው አገር የበግ ፀጉር ምንጣፍ ለክብረ በዓል ካልሆነ አይዘረጋም፤ ተጠቅልሎ ሲከርም በርበሬ ይነሰነስበታል፤ ሲወጣ ውርጭ ላይ አድሮ ይራገፋል። እዚህ ውርጭ የለም። ሙቀቱ ደግሞ ብል ይፈለፍላል ብለው ሰግተው በየቅዳሜው፣ እኔ ግቢ ምንጣፉን ስደበድብ፣ እሳቸው ወለሉን ጠርገው አዲስ በርበሬ ይነሰንሳሉ። የናዝሬት ነፋስ በበሩ ሥር ይገባል፤ እኔ እዘላለሁ፤ በርበሬው ይነሣል፤ አባባ ደግሞ «ከምንጣፉ አትውረድ» ተብሎ እዚያው ቁጭ ብሎ ይስባል።

ቶሎሳ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፈረሱን ተደገፈ። እማዬም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች። እትዬ ግን አልሳቁም። ጓዛቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ወንድሜን በእጄ ሳጥነው ኖሬያለሁ» አሉ በቀስታ። «ንዳ ልጄ። አውቶቡሱ ያመልጠኛል።»

«ምንጣፉን አውርድ» አለ አባባ ቶሎሳን።

ወለሉ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ። ምንጣፉ ተራገፈ፤ ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን በነጠላ አስረን መታነው፣ ጎረቤትም አግዞ መታ። ተመልሶ ሲነጠፍ እትዬ አሁንም ውጭ ጓዛቸው ላይ ናቸው፤ ፊታቸው ወደ መንገዱ። አባባ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተና ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኛ፤ አፍንጫው ፀጉሩ ውስጥ ገባ።

«እትዬ፣ ይመልከቱኝ» አለ። «ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር እስኪያፏጭ እዚህ እተኛለሁ። ካሳለኝ ይሂዱ። ካላሳለኝ ግን ይቀራሉ።»

ባቡሩ መቼ እንደሚመጣ ባቡሩም አያውቅም። ቆምን። ቶሎሳም ሥራውን ትቶ ቆመ። እኔ የአባባን ጀርባ ብቻ አያለሁ፤ ከፍ፣ ዝቅ። ከፍ፣ ዝቅ። ቆይቶ ጆሮው መቅላት ጀመረ። ሆዱ ዘለል አለ፤ ዋጠው። ደግሞ ዘለል አለ። አንገቱ ላይ ሥር ተገተረ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ለወራት የከረመ ሳል በአንድ ቀን የት ይሄዳል? እማዬ ከንፈሯን ነክሳለች። እኔ በልቤ ባቡሩን እጎትታለሁ፤ ና፣ ና፣ ና።

እትዬ ተነሡ። ገቡና አጠገቡ ተንበርክከው በመዳፋቸው ጀርባውን መሐል ለመሐል አጮሉት።

«ሳል! ሳል እንጂ አንተ ጅል፣ ልትታፈንብኝ ነው? ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲህ ነህ!»

አባባ ሳለ። እንዴት ያለ ሳል! ቤቱን ያናወጠ፣ እንባ ያዘነበ ሳል። ባቡሩ አላፏጨም። አባባ በራሱ ውል ተሸንፏል። ማንም ማንንም አላየም።

«ይሄ አይቆጠርም» አሉ እትዬ።

«ምኑ?» አለ አባባ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ሳሉ ነዋ! እኔ መትቼህ ነው የሳልከው። የተመታ ሰው ቢስል ይፈረድበታል?» ዙሪያቸውን አዩ፤ እማዬን፣ እኔን፣ በር ላይ የቆመውን ቶሎሳን፤ የሚከራከር ካለ ይምጣ በሚል ዓይን። «ይፈረድበታል ወይ?»

«አይፈረድበትም» አለ ቶሎሳ።

እማዬ ጓዛቸውን አንሥታ ገባች።

ሳሉ ወዲያው አልሄደም። እየሳሳ፣ እየራቀ ሄዶ አንድ ቀን አባባ ገብቶ፣ በልቶ፣ ሬዲዮ ሰምቶ ሲነሣ የእማዬ ማማሰያ አንዴም አለመቆሙን ልብ አልኩ። አዲስ አበባ የሄደ የለም።

ይሄን ሁሉ ትናንት ለእትዬ አነበብኩላቸው። አሁን አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ግን እንደ ዱሮው ነው። በርበሬው ጋ ስደርስ «ይሄን ትተይው» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቁኝ። «ይሄን ግድግዳ ላይ የሚያነቡት ልጆች ቤታቸው ምንጣፍ የላቸውም?»

«ያላቸው አሉ።»

«እንዴት እንደሚያጥቡት ማን አሳያቸው? በፈላ ውሃ እየቀቀሉት ይሆናል። ይምጡ በያቸው።»

ስለዚህ እላችኋለሁ፤ በመጪው ቅዳሜ የእኛን እናጥባለን፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ማለት ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ትልቁ የኒም ዛፍ ያለበት ግቢ። ምንጣፍ ያለው ይዞ ይምጣ፤ አጥፋችሁ ሳይሆን ጠቅልላችሁ። የሌለው ባዶ እጁን ይምጣ፤ እርጥብ የበግ ፀጉር እንደ ሬሳ ይከብዳል፣ ተሸካሚ ያስፈልገናል። በጠዋት ኑ፤ ቧንቧችን ውሃ የሚሰጠው በጠዋት ነው። የሠራ ሰው ሳይበላ ከዚህ ግቢ አይወጣም ብለዋል እትዬ፤ እማዬም ሰምታ ዱቄት ማስፈጨት ጀምራለች። እንዳታሳፍሩኝ።